ከሰንዳፋ እስከ ጥቁር አንበሳ ስንት ዓመት ይፈጃል?

ከሰንዳፋ አዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታማ ከዚያም ይቀርባሉ። ነገር ግን የልብ ችግር ይዞ ለተወለደ ልጅ ይህ መንገድ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ይበጃል።

ጽንስ በማሕፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ስለዚህ ደሙ ሳንባን ትቶ የሚያልፍባት አንዲት አቋራጭ የደም ሥር አለችው። ልጁ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ይህች ሥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ትዘጋለች። በአንዳንዶች ግን ክፍቷን ትቀራለች። ያን ጊዜ ደም ያለመጠን ወደ ሳንባ ይጎርፋል። ልጁ ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ኪሎ አይጨምርም፤ የሳንባ ምችም ይመላለስበታል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም ቦስተን ላይ የአንዲት ሕፃን ደረት ከፍቶ ይህችን ሥር በክር አሰራት። በ1953 ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን ታግዞ በልብ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ደፈነ። በ1967 ደግሞ የምሥራቅ በርሊኑ ቬርነር ፖርስትማን ደረት ሳይከፍት፣ በብሽሽት በኩል ባስገባው ቀጭን ቱቦ ያችኑ ሥር ዘጋት። ከቢላ ወደ ቱቦ ለመድረስ 29 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ዛሬ ሐኪሙ በራጅ ምስል እየተመራ እንደ ውታፍ ያለች ትንሽ መሣሪያ ቦታዋ ላይ ይተክላል፤ ልጁም ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ውስብስብ የሆኑት ችግሮች ግን አሁንም ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ።

በእኛ አገር ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 አቋቋሙ። ያኔ ተስፋው ልጆችን ወደ ውጭ መላክ ነበር። ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው በ2009 ነው፤ ከድርጅቱ ምሥረታ 20 ዓመት በኋላ። የአገር ልጅ አዋጣ፤ ቼይን ኦፍ ሆፕን የመሰሉ የውጭ በጎ አድራጊዎችም የሐኪም ቡድን እየላኩ አከሙ፣ አሠለጠኑ። ዛሬ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ራሳቸው ይሠራሉ። ወረፋው ግን በሺዎች ይቆጠራል።

ዕውቀቱ ካለ፣ ምን ቀረ? ውታፏም ሆነች ቱቦው ከውጭ በዶላር የሚገዙ ናቸው። ዕቃው ሲያልቅ የሠለጠነው እጅ ሥራ ይፈታል።

መጠበቅ ደግሞ ዋጋ አለው። ሥሯ ሰፊ ሆና ለዓመታት ክፍት ከቆየች የሳንባ የደም ሥሮች ይደድራሉ። ከዚያ ወዲያ መዝጋቱ ራሱ አደገኛ ይሆናል። ትናንት ይድን የነበረ ልጅ ዛሬ ወረፋው ቢደርሰውም የማይድን ይሆናል። ወረፋ እዚህ ላይ ራሱ በሽታ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ እናት ለ45 ቀን ክትባት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ሰንዳፋም ይሁን ሱሉልታ፣ የልጁ ልብ በማዳመጫ ይደመጥ። ሁለተኛ፣ ለእነዚህ ዕቃዎች በየዓመቱ የታወቀ በጀትና የውጭ ምንዛሪ ይመደብ። መዋጮ ማዕከሉን ከፍቶልናል፤ ምስጋና ይገባዋል። ወረፋውን የሚያሳጥረው ግን በጀት ነው።