የሊኑክስ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ተግባራዊ መፍትሔዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቋርጧል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችል ኮምፒውተር ላላቸው ነዋሪዎች፣ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊኑክስ አንዱ አማራጭ ነው። ለምሳሌ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀላሉ የሊኑክስ ሚንት ዓይነት በ2 ጊጋባይት ራም ይሠራል፤ ለተመቸ አጠቃቀም ግን 4 ጊጋባይት ይመከራል። ከዚህ በታች የቀረቡት መፍትሔዎች በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ለሚያጋጥሙ ችግሮች የሚያገለግሉ ናቸው።

መብራት በድንገት ሲጠፋ

ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር በሥራ መካከል ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል። በሊብሬኦፊስ "አማራጮች" ውስጥ የሚገኘውን የጽሑፍ መልሶ ማግኛ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል።

መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በጥቁር ገጽ ላይ "ኢኒትራምኤፍኤስ" የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ከቆመ ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ እና ኬ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዞ በመጻፍ፣ ከክፍተት በኋላ በመልእክቱ ላይ የተጠቀሰውን የዲስክ ክፍል ስም ማስከተልና "ኢንተር"ን መጫን ያስፈልጋል። ለሚቀርቡት የጥገና ጥያቄዎች "ዋይ" የሚለውን ፊደል በመጫን መስማማት ይቻላል። ችግሩ ከተደጋገመ ዲስኩ እያረጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ከጥገናው በፊት ፋይሎችን ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ ይቀድማል።

ቀንና ሰዓት ሲዛባ

ድረ ገጾች "ደኅንነቱ ያልተጠበቀ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳዩ ወይም ማሻሻያ እምቢ ካለ፣ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የኮምፒውተሩ ቀን ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ፣ 2018 ብሎ የሞላ ሰው ሰዓቱን ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት የሚሞላውም 14 ሰዓት ተብሎ ነው። የሰዓት ቀጠናው "አዲስ አበባ" ተብሎ መመረጥ ይኖርበታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚቀየር ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ መፍትሔውም ባትሪዋን መቀየር ነው።

ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ ሰዓቱ በ3 ሰዓት የሚዛባው፣ ሊኑክስ የዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአገሩን ሰዓት በውስጥ ስለሚመዘግቡ ነው።

ቫይረስ የነካው ፍላሽ

ፋይሎችን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው ቫይረስ በፍላሽ የሚዘዋወር ነው። የተደበቁት ፋይሎች በሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይታያሉ፤ ካልታዩም "ኮንትሮል" እና "ኤች"ን አንድ ላይ መጫን ይጠቅማል። እውነተኞቹን ፋይሎች ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ አቋራጮቹን ማጥፋት ይቻላል። ፍላሹ ሳይጸዳ ወደ ዊንዶውስ ከተመለሰ ግን ቫይረሱ እንደገና ይዛመታል። ፍላሽን ሳያስወጡ መንቀልም ገና ተጽፎ ያላለቀ ፋይልን ያበላሻል።

አማርኛና ኦሮምኛን መጻፍ

ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ ዝግጅት አይጠይቅም። ለአማርኛ በኡቡንቱ "ሴቲንግስ" ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ከፍቶ አማርኛን መጨመር፣ ከዚያም የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከክፍተት ቁልፍ ጋር በመጫን መቀያየር ይቻላል።

በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ቢታዩ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሰነዱ ዩኒኮድን ባለመጠቀሙ ነው። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም የተጻፈበትን ፎንት መጫን ያስፈልጋል። ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ መስመሩ እንዳይዛባ በፒዲኤፍ ቢላክ ይመረጣል።

የኢንተርኔት ወጪን መቀነስ

የስልክ ዳታን የሚጠቀሙ ሰዎች በኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ "የዳታ ገደብ ያለበት" የሚለውን ቢመርጡ፣ ከባድ ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዳይወርዱ ይረዳል። ማሻሻያው ግን የደኅንነት ክፍተቶችን ስለሚደፍን፣ ፈጣንና ርካሽ ግንኙነት ባለበት ጊዜ መፈጸም አለበት። የኮምፒውተሩ ዋይፋይ የማይሠራ ከሆነ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት ማጋራት፣ ከዚያም "ተጨማሪ ድራይቨሮች" ከሚለው የጎደለውን መጫን ይቻላል።

ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነስተው ኪቦርዱን፣ ድምፁንና ዋይፋዩን እንዲፈትሹ ይመከራል። መጫን ከመጀመሩ በፊት የማኅበር የሒሳብ መዝገብም ሆነ የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሌላ ቦታ መገልበጥ ይኖርበታል፤ በመጫን ሂደት የሚደረግ አንድ የተሳሳተ ምርጫ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላልና።