ጭቃ ቤት ያሳደገን ስለ ጭድ ምን እናውቃለን?

በኦክላንድ ከተማ ሌክ ሜሪት ዳር በ1876 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተሠራው የካምሮን ስታንፎርድ ቤት ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል፡፡ በዚያ ዘመን አሜሪካኖች ግድግዳቸውን በቀጫጭን እንጨት ይማግሩና በኖራ ይለስኑት ነበር፤ ልስኑ እንዳይሰነጠቅም የከብት ፀጉር ይቀላቅሉበታል፡፡ «ታዲያ ይኼ የእኛው ጭቃ ቤት አይደለም ወይ?» የሚል ወገን ቢኖር አልተሳሳተም፡፡

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1886 ነው፡፡ ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ግድግዳውም ማገሩም ከእሱ ሆነ፡፡ በማገሩ ላይ የሚመረገው ጭቃና ጭድ ግን እጅግ የቆየ ጥበብ ነው፡፡ ፈርዖን ጡብ ለሚሠሩት እስራኤላውያን ጭድ እንዳይሰጣቸው መከልከሉን በኦሪት ዘጸአት እናነባለን፡፡

ለመሆኑ ጭዱ ምን ያደርጋል? ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፡፡ የጤፍ ጭድ ስንጥቁን እንደ ስፌት ይይዘዋል፡፡ ደረቅ ጭድ ግን ላዩ ሰም መሰል ስለሆነ ከጭቃ ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፡፡ ስለዚህ ውኃ እየተጨመረበት፣ በእግር እየተረገጠ፣ ለብዙ ቀናት እንዲቦካ ይደረጋል፡፡ ሽታውን ማን ይረሳዋል!

የዛሬ ሳይንስም የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው፡፡ በ1990ዎቹ የጀርመን መኪና ሠሪዎች የተልባ ተክልና የሲሳል ቃጫን ከሙጫ ጋር አዋሕደው የመኪና በር የውስጥ ገጽ ሠሩ፡፡ ቃጫው ከሙጫው ጋር አጥብቆ እንዲያያዝ በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ ሰሙ ይወገድለታል፡፡ የአገራችን ተመራማሪዎችም እናቶች ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ የሚቀረውን ቃጫ በዚሁ ዘዴ ፈትነዋል፡፡

እርግጥ ነው፣ ጭቃ ቤትን እርጥበትና ምስጥ ይጎዱታል፤ ብዙ ወገን የኖረበትም ወዶ ሳይሆን ተቸግሮ ነው፡፡ በ2024 በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፡፡ ቤቱ ይፍረስ ቢባል እንኳ እውቀቱ ለምን አብሮ ይፈርሳል? የትኛው አፈር እንደሚመረጥ፣ ጭዱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቦካ የሚያውቁ፣ በደቦ ጭቃ የረገጡ አባቶችና እናቶች እዚሁ በመካከላችን አሉ፡፡ ሳይመሽ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም በጽሑፍ እናስቀምጥ፡፡