አረንጓዴው ረሃብና የሚዛን ታሪክ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን ክብደት መቀነስ የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆኗል። ለጤናው ወይም ለቁመናው ሲል ምግቡን አጥብቆ የሚቀንስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥቶ ይደሰታል። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ አልነቃነቅ ይለዋል። በአራተኛው ጭራሹን ይጨምርበታል። «እየተራብኩ እንዴት እከብዳለሁ?» ብሎ ይማረራል። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሆነ አመጋገብ ያለ ሐኪም ክትትል የማይፈቀደውም ሰውነት በረሃብ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ከሚዛን ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ጭምር ነው።

ይኸው ጥያቄ በአገራችን ገጠሮች ከቁመና ጋር ሳይሆን ከሕይወት ጋር ተያይዞ ሲጠየቅ ኖሯል። የወላይታን ያህል ደጋግሞ የተጠየቀበት ምድር ደግሞ ጥቂት ነው። እዚያ የሰው ክብደት ከዓመቱ ወራት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከጊፋታ እስከ በልግ

ከሶዶ ከተማ በላይ በተንሰራፋው የዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው አገር ለዓይን ለምለም ነው። በየጓሮው እንሰት ቆሟል። ከእንሰቱ ወዲያ ቡና፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎና ቦሎቄ በየተራቸው ይበቅላሉ። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲመጣ ወንዶች ለበሬ መግዣ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ገንዘብ ይወጣል። በሬ ይታረዳል፤ ሥጋው በዳጣ ይበላል። ዓመት ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ ቤት እንኳ ያን ሰሞን ይጠግባል።

ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። የመኸሩ እህል ከጎተራ ያልቃል። ከየካቲት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ድሃውን የሚይዘው ስኳር ድንች ነው። ድንቹ በመኸሩ መውጫ ዝናብ ተተክሎ በበልጉ መግቢያ ስለሚደርስ የሁለት አዝመራ ድልድይ ሆኖ ኖሯል። ያ ዝናብ ከቀረ ድልድዩ ይሰበራል። በልጉ ዘግይቶ ሲዘንብ ደግሞ ምድሩ ይለመልማል፣ በቆሎው ጉልበት ድረስ ያድጋል፣ ነገር ግን የሚበላ የለም። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ መኪናው ውስጥ ሆኖ «እዚህ አገር ደግሞ ምን ረሃብ አለ?» ይላል። «አረንጓዴ ረሃብ» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው።

እንሰቱስ? እንሰት ድርቅ ይችላል፤ የደቡብን ሕዝብ ከብዙ ክፉ ቀን ያወጣም ተክል ነው። ሆኖም ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ ደግሞ ከብት ይፈልጋል። ከብቱን የሸጠ ገበሬ ከወተቱ በተጨማሪ የእንሰቱንም ጉልበት ሸጧል ማለት ነው። ለጋውን እንሰት ለዛሬ ራት የቆረጠ ቤተሰብ የከርሞውንም በልቷል። ከዚህ ላይ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ መጽሔት ያስታወቁት የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ተጨመረ። ቆጮና ቡላ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲናቸው እጅግ ጥቂት ነው። ጎመኑ፣ ቦሎቄውና ወተቱ ከጎናቸው ከጠፉ ሕፃን ልጅ ጠግቦ እያደረ ሊጎዳ ይችላል።

መንግሥታት ይህን ችግር ሳያዩት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕጻሩ «ዋዱ»፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አከፋፍሏል፤ ከተጨናነቀው ደጋ ወደ አበላና በሌ ቆላ ገበሬዎችን አስፍሯል። ድርጅቱ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሥራው አበቃ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕዝብ ብዛት ግን አላበቃም። ዛሬ በደጋው ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር በታች ነው። ደሳለኝ ራህመቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በወላይታ የተሞከሩትን የልማት ውጥኖች አንድ በአንድ መርምረዋቸዋል። ውጥኑ ብዙ ነበር። ረሃቡም በ1977፣ በ1992፣ በ1995 እና በ2000 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ።

ውሃን የሚመዝን ሚዛን

ረሃብ ሲመጣ ከእህሉ ጋር ሚዛን ይመጣል። ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከድንኳን ምሰሶ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ 25 ኪሎ ሚዛን፣ ከሥሩም ልጁ የሚገባበት ቀዳዳ ሱሪ፣ በዕርዳታ ጣቢያዎች የታወቀ ዕቃ ነው። ማን ይታከም፣ ማን ይመለስ የሚለውን ለረጅም ጊዜ ሲበይን የኖረው እርሱ ነው።

ለዚህ ብያኔ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሜክሲኮው ሐኪም ፌዴሪኮ ጎሜዝ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ የተጎዱ ልጆችን በዕድሜያቸው ሊኖራቸው ከሚገባ ክብደት ጋር እያነጻጸሩ በሦስት ደረጃ ከፈሏቸው። ዘዴው ቀላል ነበርና ዓለም ተቀበለው። ነገር ግን አንድ ዓይነት ልጅ ያመልጠዋል። ይኸውም ያበጠው ልጅ ነው።

ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ሆነው ይህን ልጅ ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቁ። በአገሬው በጋ ቋንቋ «ክዋሺኦርኮር» ይባል ነበር፤ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚነሳ ልጅ ሕመም ማለት ነው። ፊቱ ይሞላል፤ እግሩ ያብጣል፤ ፀጉሩ ይቀላል፤ ምግብ ይጠላል። ለሩቅ ተመልካች የወፈረ ይመስላል። በሚዛን ላይም ከከሳው ወንድሙ ይከብዳል። የከበደው ግን በሥጋ ሳይሆን በውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 «የዌልካም ምደባ» የተባለው አከፋፈል ከክብደት ጎን እብጠትን ያስገባው ለዚህ ነው። የጤና ሠራተኛ የልጁን ሁለት እግሮች በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይለቃል። ጉድጓድ ከቀረ ልጁ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን ታማሚ ነው።

በአዋቂ ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ያሳየው የሚኒሶታው ሙከራ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል አንስል ኪስ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ጦርነትን በሕሊናቸው የተቃወሙ 36 ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት አስራቧቸው። በቀን የሚሰጣቸው 1,600 ካሎሪ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በከተማ ብዙ ሰው ለቅጥነት ሲል ከሚመርጠው የሚበልጥ ማለት ነው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ልባቸው ዘግይቶ መምታት ጀመረ፤ በሙቀት ይበርዳቸው ነበር፤ ከምግብ በቀር ሌላ ማሰብ ተሳናቸው። ቁርጭምጭሚታቸውም አበጠ። ስቡና ጡንቻው እየቀለጠ ሳለ ውሃ ስለተተካ ሚዛኑ የጉዳቱን ልክ ደበቀው። መብላት ሲፈቀድላቸው ደግሞ ለወራት አልጠግብ አሉ። «እየተራብኩ እንዴት እከብዳለሁ?» ለሚለው ሰው መልሱ ከእነዚህ ሰዎች ቁርጭምጭሚት ይገኛል።

በአገራችንም ጉዳዩ ቀድሞ ታስቦበት ነበር። በስዊድን ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል፣ በኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት፣ ለጡት ጣዮች የሚሆን ዱቄት ሠራ። ስሙም «ፋፋ» ተባለ። እናት ለልጅዋ የምትመኘው ሁሉ በአንዲት ቃል ተጠቃሎ ካርቶን ላይ ታተመ።

ሲድን የሚቀል ልጅ

ያበጠው ልጅ ሕክምና ሲጀምር የሚሆነው ነገር ለእናት ግራ የሚያጋባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ወተት ሆን ተብሎ የቀጠነ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ይይዛል። የተራበ ልብና ኩላሊት ድንገተኛ ጥጋብ አይችሉምና። ልጁ መዳን ሲጀምር ውሃው በሽንት ይወጣል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ ሚዛኑም ይወርዳል። ልጅዋን አዝላ ሰዓታት የተጓዘች እናት «አምጥቼው ጭራሽ ቀለለ» ብትል ማን ይፈርድባታል? በዚያ ሰሞን ክብደቱ በድንገት ቢጨምር ግን ሐኪሙ የሚደነግጠው ያኔ ነው፤ ልቡ በውሃ እየተጨነቀ ሊሆን ይችላልና። በሌላው ቀን ደስታ የሆነው ጭማሪ በዚያ ሳምንት አደጋ ነው። መጨመር መልካም የሚሆነው የምግብ ፍላጎቱ ከተመለሰና እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በልጉ ሲዛባ የወላይታና የአጎራባቹ የሐዲያ ወረዳዎች ክፉኛ ተጎዱ። በዚያን ጊዜ የታወቀው ሕክምና ልጁን ከእናቱ ጋር ማዕከል አስገብቶ ለሳምንታት ማቆየት ነበር። እናት ግን ቤት የተዋቻቸው ሌሎች ልጆች አሏት፤ የሚታረም ማሳ አላት። በተጨናነቀ ድንኳን ውስጥም ኩፍኝና ተቅማጥ ከልጅ ወደ ልጅ ይዘላሉ።

ከሐላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ሾኔ ከተማ ባለችበት የበደዋቾ ወረዳ፣ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ልጆቹ ከቤታቸው ሳይወጡ እንዲታከሙ ተደረገ። የሚሰጣቸው ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተለወሰ፣ ውሃም እሳትም የማይፈልግ ምግብ ነበር። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። በጽኑ ከተጎዱት 170 ልጆች 144ቱ አገገሙ፤ 7ቱ ሞቱ።

ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ቁጥር ልብ ትባል። ልጆቹ በቀን የጨመሩት በአማካይ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 3.16 ግራም ነበር። ስድስት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 19 ግራም ገደማ ጨመረ ማለት ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። ለማዕከሎች የተቀመጠው የዓለም አቀፍ መለኪያ 8 ግራም ነበርና በሚዛን ብቻ ቢፈረድ ኖሮ የበደዋቾው ሥራ «ወድቋል» ይባል ነበር። ልጆቹ ግን በሕይወት ነበሩ፤ እናቶቻቸውም ከቤታቸው አልተፈናቀሉም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓለም ሁሉ አጸደቁት። በማግሥቱ፣ በ2000 ዓ.ም. በልግ፣ አረንጓዴው ረሃብ ወደ ወላይታ ሲመለስ ሕክምናው ወደ ቀበሌ ጤና ኬላዎች መውረድ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኪስዋ የምትይዘው ባለ ሦስት ቀለም የክንድ መለኪያ ከተንጠልጣዩ ሚዛን ይልቅ ለመንደሩ ቅርብ ሆኗል። የቀዩ ወሰን ቀድሞ 11 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 11.5 ሆነ። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቀድሞ «ገና ነው» ተብሎ የሚመለስ ልጅ ዛሬ ይታከማል።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ፎቅ ይሠራባታል፤ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ለመቅጠን የሚጨነቅ ሰውም አይጠፋባትም። ከእርስዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ደግሞ የመኸሩን መውጫ ዝናብ ይጠብቃል። ሁለቱ ሰዎች ሚዛን ላይ ሲወጡ የሚያዩት ቁጥር ከሥጋና ከስብ በተጨማሪ ውሃንም ጨውንም የበላውንም የሚቆጥር ነው። ልዩነቱ የከተሜው ረሃብ በፈቃዱ የገባበት መሆኑና በፈቃዱ ሊወጣበት መቻሉ ነው። የዳሞታ ሥር ልጅ ግን ከረሃቡ የሚወጣው ስኳር ድንቹ በጊዜው ሲተከል፣ ላሟ ሳትሸጥ ስትቀር፣ ጤና ኬላው ውስጥም ከሚዛኑ ይልቅ እግሩን ተጭኖ የሚያይ ሰው ሲገኝ ነው።