የዓሣ አጥማጁ ቋጠሮ

ከልብ የሚነሣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ የሚባለው፣ ደረትንና ሆድን አቋርጦ እምብርት አጠገብ ሲደርስ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይወርዳል። በታመመ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ድንገት ተላቆ በጅረቱ ተገፍቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ በዚያ ባላ ላይ እንደ ኮርቻ ይፈናጠጥና የሁለቱንም እግሮች መንገድ ባንድ ጊዜ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ በደኅና ማዕድ ላይ የተቀመጠው ሰው ከወገቡ በታች በጽኑ ሕማም ተይዞ ይጮኻል፣ እግሮቹ እንደ ሰም ገርጥተው ይቀዘቅዛሉ፣ ብሽሽቱን ቢዳስሱት ትርታ አይገኝም፣ ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈም ሥጋው መሞት ይጀምራል።

የዚህን ደዌ ምሥጢር የገለጠው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበረው ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ቪርኾ ነው፤ የረጋ ደም ከተፈጠረበት ስፍራ ተነቅሎ ሩቅ ሄዶ ሊዘጋ እንደሚችል ያስረዳ እርሱ ነው። ዳሩ ግን ዕውቀቱ ከመጣ በኋላ ፈውሱ እጅግ ዘገየ። በ1911 (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ጆርጅ ላቤ በፓሪስ ከጭን ደም ቅዳ የረጋ ደም አውጥቶ እግር አዳነ፤ በ1913 ስዊድናዊው ፍሪትዝ ባወር ከራሱ ከአኦርታ አወጣ። በ1916 በባልቲሞር የተገኘው ሄፓሪንም የረጋው ደም እንዳይጨምር ከለከለ እንጂ የተፈናጠጠውን አላወረደም። ልቡ የደከመ በሽተኛ ደግሞ ሆዱ ተከፍቶ ለረጅም ሰዓት ሲቀደድ መታገሥ ስለማይችል፣ ብዙው ወይ ይሞት ወይ እግሩን ያጣ ነበር።

ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ አንድ ወጣት ነበር። በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ አባቱን በልጅነቱ ያጣው ቶማስ ፎጋርቲ የትምህርቱን ወጪ ለመሸፈን በሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል ለሐኪሞች መሣሪያ ያቀብል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቀጭን ቱቦ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ታስሮበት በረጋው ደም መካከል አልፎ ቢሄድ፣ ፊኛው ከማዶ ተነፍቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ደሙን ጠርጎ ያመጣዋል። የቸገረው ማሰሩ ነበር፤ የሐኪም ጓንት ጣት ጫፍ ቈርጦ ፊኛ ቢያደርገውም፣ የጓንቱን ጎማ ከቱቦው ፕላስቲክ ጋር የሚያያይዝ ማጣበቂያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ታዲያ ምን አደረገ? ዓሣ አጥማጆች ላባና ክር በመንጠቆ ላይ እየጠመጠሙ ዝንብ የምትመስል ማታለያ ሲሠሩ የሚቋጥሩትን ቋጠሮ ከልጅነቱ ያውቅ ነበርና፣ ጓንቱን በዚያው ቋጠሮ አሰረው። እኔ እንደማምነው፣ ቪርኾ ያስተማረውን ለመፈጸም ከመጻሕፍት ይልቅ ይህ ንቀን የምናልፈው ተግባረ እድ ይጐድል ነበር።

በ1961 የፎጋርቲ መምህር ጃክ ክራንሊ መሣሪያውን በበሽተኛ ላይ ሞከረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ብሽሽቶች አደንዝዞ በትንሹ መቅደድ፣ ቱቦውን ወደ ላይ እስከ አኦርታ መስደድ፣ ፊኛውን በጨው ውሃ ነፍቶ መሳብ በቃ፤ ሆድ መክፈት በአብዛኛው ቀረ።

አምራቾች ግን በመጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ፎጋርቲም በኦሪገን ቀዶ ሕክምና ሲማር፣ ለራሱና ለባልንጀሮቹ የሚሆነውን ቱቦ በገዛ እጁ አንድ በአንድ እየቋጠረ ያድል ነበር።