የተዘጋው መዝገብ

የአሜሪካና የኢራን ጠብ ሲነሣ ብዙዎቻችን ታሪኩን የምንጀምረው በ1979 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቴህራን ከነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ መወረር ነው። ኢራናውያን ግን ወደ 1953 ይመልሱናል። እኔ ደግሞ፣ ከሒሳብ ጋር የምውል ሰው ስለ ሆንኩ ይሆናል፣ ከዚያም አልፌ አንድ መዝገብ ላይ ዐይኔ ይተከላል።

በ1901 ዊልያም ዳርሲ የተባለ ባለጸጋ ከፋርስ ንጉሥ የ60 ዓመት የነዳጅ ውል ተቀበለ፤ የፋርስ ድርሻ ከተጣራው ትርፍ 16 በመቶ ሆነ። በ1914 የእንግሊዝ መንግሥት የኩባንያውን አብላጫ አክሲዮን ገዛ። ውሉ በ1933 ቢታደስም መዝገቡ ያለው ለንደን ነበር። ገቢውን የሚጽፈው፣ ወጪውን የሚቀንሰው፣ የተረፈውንም የሚናገረው ያው ኩባንያ ነው። ኢራን የነዳጁ ባለቤት ሆና ሳለች መዝገቡን ልመርምር ብትል የሚሰማት አላገኘችም። በ1950 ኩባንያው ለእንግሊዝ መንግሥት የከፈለው ግብር ለኢራን ከሰጠው ድርሻ እጅግ ይበልጥ ነበር።

በዚያው ዓመት ማብቂያ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከጎረቤቷ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ትርፉን እኩል ለመካፈል ተስማማ። ይህ ወሬ ቴህራን ሲደርስ ምን እንዳስከተለ መገመት አያዳግትም። በ1951 ፓርላማው ነዳጁን የሀገር ሀብት አደረገ፤ መሐመድ ሞሳዴቅም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አሜሪካ ወደ ነገሩ የገባችው በሽማግሌነት ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን አቬሬል ሃሪማንን ለዕርቅ ላኩ። ሞሳዴቅም በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሄደው በጸጥታው ምክር ቤት ተሟገቱ፤ አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን የፊላዴልፊያን አዳራሽ ጎበኙ። ከእንግሊዝ ቀንበር የወጣ ሕዝብ የእኛን ብሶት ይረዳል ብለው ነበር። ሰውዬው እንከን አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። በ1953 ፓርላማውን ለመበተን ባስደረጉት ሕዝበ ውሳኔ የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ሣጥን ለየብቻ ተቀምጦ ነበር፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ምስጢር አለው አይባልም።

አይዘንሃወር ሥልጣን ሲይዙ ግን ሽማግሌው ተከራካሪ ሆነ። የኮሚኒስቱ የቱዴህ ፓርቲ ሥጋት ጨርሶ ተረት አልነበረም፤ የእንግሊዝ ማዕቀብ የኢራንን ካዝና ባዶ አስቀርቶት ነበርና ሀገሩ ይታመስ ነበር። ይሁንና ሞሳዴቅ ኮሚኒስት አልነበሩም። የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የልጅ ልጅ ከርሚት ሩዝቬልት ከሲአይኤ ተልኮ ቴህራን ገባ፤ ለጋዜጣውም ለጎዳና አምባጓሮውም ገንዘብ ተከፈለ። ኦገስት 15 የተሞከረው ግልበጣ ከሸፈ፤ ሻሁ ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሹ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ሕዝብና ታንክ ተቀላቅለው ሞሳዴቅን ጣሏቸው። ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ከዚያም በ1967 እስኪሞቱ ድረስ ከአሕመዳባድ መንደራቸው እንዳይወጡ ተደረገ። ሲአይኤ በግልበጣው ውስጥ እጁ እንደነበረበት በግልጽ የሚናገር የራሱ ሰነድ ይፋ የሆነው በ2013 ነው።

በ1954 ነዳጁን የሚያስተዳድር የኩባንያዎች ማኅበር ተቋቋመ። 40 በመቶው ለቀድሞው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ 40 በመቶው ለአሜሪካ ኩባንያዎች፣ የቀረው ለሼልና ለፈረንሳዮች ተደለደለ። ኢራን ከትርፉ ግማሹን እንድታገኝ ተፈቀደላት። በማኅበሩ ቦርድ ግን አንድ ኢራናዊ አልተቀመጠም፤ መዝገቡንም የኢራን ኦዲተሮች እንዲያዩት አልተፈቀደም።