ሰበታ፣ ተፍኪና ያልተገናኙት ሁለት በሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ ተፍኪ ይደርሳል። በዚህ መስመር የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት ዐይነ ስውራን ልጆችን ተቀብሎ ብሬል አስተምሯል፤ ልመና ዕጣ ፈንታቸው ነው ይባሉ የነበሩ ልጆች ለትልቅ ሥራ እንዲበቁ መንገድ ከፍቷል። ውለታው ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን የዘመኑ አሳቢነት ምጽዋትና ፊደል ላይ ቆመ። ያ ልጅ አድጎ ሊያፈቅር፣ ሊያገባ፣ ሊወልድ እንደሚችል የሚያስብ ተቋም በዙሪያው አልተሠራም።

የሥነ ተዋልዶ አገልግሎት በሌላ በር ገባ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። አገልግሎቱ በጥንቃቄ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አደገ። አንዱ በር ለአካል ጉዳተኛው፣ ሌላው ለእናቲቱ ተከፈተ፤ አካል ጉዳተኛዋ ወጣት ግን ከሁለቱ መካከል ቀረች። ዛሬ የምናየውን ክፍተት ድህነት ብቻ አያስረዳውም፤ ሥሩ በዚህ አከፋፈል ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ ሁለቱን ጉዳዮች ለየብቻ አስቀምጧቸዋል፦ አንቀጽ 35 ለሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል፣ አንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና ወላጅ ካጡ ልጆች ጋር በእርዳታ ተቀባይነት ይጠቅሳል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለቱ በአንድ አንቀጽ ተገናኙ፤ አገናኛኘታቸው ግን ያሳዝናል። አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ያደረገው፣ ሴቲቱ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ የማትችል መሆኗን ነው። ይህ ድንጋጌ ብዙ ሴቶችን ከእስርና ከሞት አድኗል፣ ይነካ ማለት ጭካኔ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ ይነካ አልልም። ጥያቄዬ ሕጉ የአካል ጉዳተኛዋን እናትነት ስሙን ጠርቶ ያነሣው በማትችልነቷ በኩል መሆኑ ላይ ነው። ለመውለድ የምትፈልገዋስ ምን ድጋፍ አላት? መልሱን የሰጠው ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው፦ በአንቀጽ 23 ቤተሰብ የመመሥረትና የልጆችን ቁጥር የመወሰን መብት፣ በአንቀጽ 25 ሌላው ሰው የሚያገኘውን ያህል የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት።

ወላጆች በቅን ልብ የሚያነሡት ሌላ ስጋት አለ፦ ልጅቷ ስለዚህ ነገር ባትሰማ ከጥቃት ትጠበቃለች። እኔ ተቃራኒውን አያለሁ። የሰውነቷን ክፍሎች ስም ያልተማረች ልጅ የደረሰባትን ለመናገር ቃል የላትም፤ ዝምታው የሚከልለው አጥቂውን ነው። መስማት የተሳናት ወጣት ጤና ጣቢያ ስትሄድ አስተርጓሚዋ እናቷ ወይም ወንድሟ ከሆነ፣ ምሥጢር የሚባለው ነገር በሩ ላይ ይቀራል። ዐይነ ስውሯ የተሰጣትን ኪኒን አወሳሰድ ከወረቀት ማንበብ አትችልም፤ ባለሙያው በቃል ካላስረዳት ከሰፈር ሰው መጠየቅ ይኖርባታል።

በተፍኪ ዓይነት ትንሽ ከተማ ለጤነኛውም አገልግሎቱ አልተሟላም፣ አካል ጉዳተኛው ተራውን ይጠብቅ የሚሉም አሉ። የአቅም እጥረቱ እውነት ነው። ሆኖም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆነው እንዲሠሩ አስቀድሞ አዟል፤ ቤቱ ሲገነባ ተዳፋት መግቢያ መሥራት በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ይረክሳል። ነርሷ ከአጃቢው ፊቷን መልሳ ታካሚዋን ራሷን እንድታናግር ደግሞ በጀት አያስፈልግም። የሰበታና የአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤቶች ከዚህ ይጀምሩ፤ ቢያንስ በየጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ የምልክት ቋንቋ ይሠልጥን፣ የመርሐ ዕውራንን የመሰሉ ትምህርት ቤቶችም የሥነ ተዋልዶ ትምህርትን በብሬል ያስገቡ።