«ካሬ» የሚለው ቃል ትርጕምና አገልግሎት፤ ከጋሻ መሬት እስከ ሰንዳፋ ቦታ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሰንዳፋ፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ስለ ቤት መሥሪያ ቦታ የሚነጋገሩ ሰዎች «ሁለት መቶ ካሬ»፣ «አምስት መቶ ካሬ» ይላሉ። በዚህ አነጋገር አስተላላፊውም፣ ተቀባዩም፣ ደላላውም ስለ ቅርጽ አያስቡም፤ የሚያስቡት ስለ ስፋት ነው። ነገር ግን ቃሉ በመሠረቱ የቅርጽ ስም ነው። የቅርጽ ስም እንዴት የስፋት፣ ከዚያም የሀብት መስፈሪያ ሊሆን እንደ ቻለ መመርመር የቋንቋን ብቻ ሳይሆን የመሬትንም ታሪክ ይገልጣል።

«ካሬ» የተወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው። ከእንግሊዝኛ ቢሆን «ስኩዌር»፣ ከጣሊያንኛ ቢሆን «ኳድራቶ» በተባለ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት በአዲስ አበባ ሲጀመር፣ በተለይም በ1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ ፈረንሳይኛ የትምህርት፣ የምድር ባቡርና የውጭ ጕዳይ ቋንቋ ስለ ነበረ፣ እንደ «ሜትር» ያሉ የልክ ቃላት በዚያው በር መግባታቸው አያስደንቅም። የፈረንሳይኛው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን «አራት» ከሚለው ቍጥር የወጣ ነው። ግዕዝም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ «ርቡዕ» የሚለው ቃል ከ«አርባዕቱ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሳምንቱ አራተኛ ቀን «ረቡዕ» መባሉም ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን በተራ ንግግር የያዘው «አራት ማዕዘን» የሚለውን ነው። ይህ ስም ጎኖቹ እኩል የሆኑትንም ያልሆኑትንም ያጠቃልላል። ስለዚህ አራቱ ጎኖቹና አራቱ ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑበት ቅርጽ የራሱን ስም ሲፈልግ «ካሬ» ቦታውን ያዘ፤ በሒሳብ ትምህርትም በዚሁ ትርጕም ጸና።

የቅርጽ ወይም የዕቃ ስም ለመሬት መስፈሪያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከካሬ በፊት በሸዋ ሰፊ ክፍል መሬት የሚጠራው በጋሻ ነበር። ጋሻ ከቆዳ የሚሠራ ክብ የጦር ዕቃ ነው፤ የጋሻ መሬት ግን በቀላድ፣ ማለት በገመድ፣ ወርዱና ቁመቱ እየተለካ የሚከለል በመሆኑ ማዕዘን ያለው ነው። ክቡ ዕቃ ለማዕዘናሙ መሬት ስሙን የሰጠው በመልክ ስለሚመስለው ሳይሆን፣ በብዙዎች አተረጓጐም፣ መሬቱ ጋሻ ይዞ ለሚዘምት ሰው የሚሰጥ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ጋሻ የሚለው መጠሪያ ከስፋቱ አስቀድሞ ያመለከተው አገልግሎትን ነበር። የባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» በ1942 ዓ.ም. ታትሞ እንዲህ ያለውን የመሬት ሥርዐት ለትውልድ አቆይቷል። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ ይከፈል ስለ ነበር የጋሻው ስፋት በአንድ ልክ የጸና አልነበረም፤ ኋላ በጠቅላላው 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ተቈጠረ። በ1934 ዓ.ም. (1942 እ.ኤ.አ.) በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅም ለለሙ ጋሻ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር ተወሰነ።

ገበሬው በበኩሉ ሌላ መስፈሪያ ነበረው። ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ውሎ የሚያርሰው መሬት ነው። ይህም በአፈሩ ክብደትና በበሬው ጕልበት ይለዋወጣል። እንግዲህ ጥማድ ድካምን፣ ጋሻ አገልግሎትን ይለካሉ። ካሬ ግን ሁለቱንም አይለካም፤ የሚለካው ባዶ ስፋትን ብቻ ነው። ማን እንዳረሰው፣ ማን እንደ ዘመተበት፣ ምን እንደ በቀለበት በቍጥሩ ውስጥ አይገባም።

ቃሉ በሕግ ውስጥ ጕልህ ሥፍራ ካገኘባቸው ጊዜያት አንዱ 1967 ዓ.ም. (1975 እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያው ዓመት የካቲት የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወሰነ። በሐምሌ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር አደረገው። ከዚህ በኋላ ገጠር በሄክታር፣ ከተማ በካሬ ሜትር የሚነገርበት ልዩነት ጸና። በ1986 ዓ.ም. (1993 እ.ኤ.አ.) የከተማ ቦታ የሊዝ ሥርዐት ሲመጣም የሊዙ ዋጋ በካሬ ሜትር ተተመነ፤ ሕዝቡም «ሜትር» የሚለውን ትቶ «ካሬ» ብቻ ማለትን ለመደ።

በዚህ ጊዜ ቃሉ ቅርጹን ፈጽሞ ጣለ። «ሁለት መቶ ካሬ» የተባለው ቦታ 10 ሜትር በ20 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ 5 ሜትር በ40 ሜትር የሆነ ጠባብ ሰርጥም ሊሆን ይችላል። እኩል ጎን ያለው እንዲሆን ቢፈለግ እያንዳንዱ ጎን ከ14 ሜትር ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ማንም ግን ይህን አይጠይቅም።

የስሙ መለወጥ ከቋንቋ ያለፈ ውጤት እንዳለው የሚታየው ከተማ ወደ እርሻ በሚሰፋበት እንደ ሰንዳፋ ባለው ሥፍራ ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው፤ አንድ ጋሻ 400,000 ካሬ ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚለቀቅ የእርሻ መሬት ካሣው የሚታሰበው በምርቱ ነው። ዐዋጅ ቍጥር 455/1997 የዓመቱን አማካይ ገቢ ዐሥር እጥፍ፣ በእግሩ የተተካው ዐዋጅ ቍጥር 1161/2011 ደግሞ የከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ ዐሥራ አምስት እጥፍ የሚያስከፍል ስሌት አስቀምጠዋል። ያው መሬት ግን ከተማ በተባለ ማግሥት የሚተመነው በካሬ ነው። ገበሬው በጤፍና በስንዴ ቍጥር ይለቅቃል፤ ተከታዩ በስፋት ቍጥር ይረከባል። ሁለቱ መስፈሪያዎች አንዱን መሬት ቢለኩም የሚናገሩት ስለ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ነው።

በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች ያስተሳሰረው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ማስነሣቱ፣ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው በርትቶ በጥር ወር ዕቅዱ መሰረዙ ከዚህ ተነጥሎ አይታይም። የክርክሩ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከሥሩ መሬት በየትኛው መስፈሪያ ይቈጠር የሚለው ጥያቄ ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉም ጥያቄው አላበቃም።

ስለዚህ «ካሬ» ከውጭ ስለ መጣ ብቻ የሚነቀፍ ቃል አይደለም፤ የጐደለውን ቦታ ሞልቷል። ሊስተዋል የሚገባው ቃሉ የሚያሳየውንና የሚሰውረውን መለየት ነው። ጋሻና ጥማድ ከመሬቱ ጋር ሰውን ያነሡ ነበር። በካሬ የሚቈጥር ሁሉ በስፋቱ ላይ የነበረውን ሰው ለይቶ ማሰብ ግዴታው ይሆናል፤ መስፈሪያው ራሱ አያስታውሰውምና።